730 እርምጃ

ሰሞኑን የማድረው ፒተርስበርግ ነው። ጁላይ ገና መግባቱ ነው፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። መንገዱ ላይ ኖራ፣ ጡብና አቧራ። ከመጠጥ ቤቶቹ የሚወጣው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እኔም ኪሱ ባዶ የሆነ ወጣት ተከትዬ ደረጃ እወጣለሁ፣ ደረጃ እወርዳለሁ።

መጽሐፉ የሩሲያዊው ደራሲ የዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ነው፤ 1866 ላይ የወጣው (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ድሮ ሳነበው ሐሳቤ ሁሉ ታሪኩ ላይ ነበር፤ ተያዘ ወይስ አመለጠ። አሁን የማነበው ለከተማው ነው። መጨረሻውን ካወቁት በኋላ ከተማውን ዘና ብሎ ማየት ይቻላል።

ያ ወጣት፣ ራስኮልኒኮቭ፣ የተከራያት ክፍል ከአምስት ፎቅ ቤት ጣሪያ ስር ናት። ደራሲው ከክፍል ይልቅ ቁም ሳጥን ትመስላለች ይለናል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እንደ ማንኛውም መግለጫ አንብቤው አልፍ ነበር። እኔን የያዘኝ ደረጃው ነው። ልጁ በወጣ ቁጥር በአከራዩ ወጥ ቤት በር ፊት ማለፍ አለበት። በሩ ደግሞ ሁሌም ክፍት ነው። የኪራይ ውዝፍ አለበት፤ ስለዚህ ኮቴውን አጥፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚወርደው። ኪራይ ያለፈበት ሰው፣ የትም ሀገር ይኑር፣ ይህን ደረጃ ያውቀዋል።

ከዚያ ደግሞ ቁጥሩ አለ። ከሚኖርበት ቤት በር ተነስቶ መያዣ እየተቀበለች ገንዘብ የምታበድረው አሮጊት ቤት እስኪደርስ 730 እርምጃ ነው። ወደ 700 ገደማ አላለም። ልክ 730። አንድ ቀን ቆጥሮታል። ሰው የሚሄድበትን መንገድ በእርምጃ የሚቆጥረው ምን ሲያስብ ነው? ገና ምንም ሳይፈጠር ያ ቁጥር ብቻውን ያስፈራል።

የሚገርመው የአንዳንዶቹ መንገዶች ስም እንኳ በሙሉ አልተጻፈም። በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ ተጠርተው ይታለፋሉ። እንዲያም ሆኖ አንባቢዎች መንገዱን ስቶልያርኒ፣ ድልድዩን ኮኩሽኪን ብለው ለይተዋቸዋል። ዶስቶየቭስኪ ራሱ መጽሐፉን በሚጽፍበት ዘመን ይኖር የነበረው እዚያው ሰፈር ነው። እኔ ግን ስሞቹን ሳላውቅም መንገዱ አልጠፋኝም።

ስለ ቦታ አሳምረው የሚጽፉ ሰዎችን ሳስብ ሁልጊዜ የምደርሰው አንድ ነገር ላይ ነው። የሚጽፉት ስለ ቦታው ውበት አይደለም። ቦታው ሰውዬውን ምን እንደሚያስቸግረው ነው የሚጽፉት። የትኛው በር እንደማይዘጋ፣ የትኛው ዳገት ትንፋሽ እንደሚያሳጥር፣ ማን በየትኛው መስኮት እንደሚያይ። ፀሐይ ስትጠልቅ ለማሳየት ሁለት ገጽ የሚፈጅ ደራሲ ሲገጥመኝ ገጹን እዘለዋለሁ። ይቅርታ ይደረግልኝ። ፀሐይ የትም ትጠልቃለች።

ብርድን በመጽሐፍ ያየሁት ጃፓናዊው ደራሲ ካዋባታ ዘንድ ነው። «የበረዶ ሀገር» ሲጀምር ባቡር ከረጅም ዋሻ ይወጣል፤ ማዶው በረዶ ነው። ባቡሩ ይቆማል። አንዲት ልጅ ተነስታ መስኮት ትከፍትና የጣቢያውን ኃላፊ ትጣራለች። ብርዱ ግር ብሎ ይገባል። ሰውዬው ፋኖስ ይዞ፣ አንገት ልብሱን እስከ አፍንጫው ጠምጥሞ፣ በበረዶው ላይ ቀስ እያለ ይመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ብርድ ልብስ ደረብኩ።

ካርታ ሳይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። ዋሻው እውነተኛ ነው። ሺሚዙ ይባላል፤ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የተከፈተው 1931 ነው። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበት ይሸከማል። ተራሮቹ ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ይገፋና የተሸከመውን ሁሉ በረዶ አድርጎ እዚያው ያራግፈዋል። ከተራራው ወዲህ፣ በቶኪዮ በኩል፣ ክረምቱ ደረቅ ነው፤ ሰማዩም ጥርት ያለ። ስለዚህ ያ ዋሻ በአንድ በኩል ደረቅ ክረምት፣ በሌላው በኩል የጣሪያ ቁመት የሚያህል በረዶ አለው። ካዋባታ ይህን አንዱንም አላብራራም። ልጅቷን መስኮት አስከፈታት።

ደራሲው ቦታውን አይቶት መሆን አለበት ወይ? ብዙ ሰው አዎ ይላል። እኔ እንጃ። «ድራኩላ»ን የጻፈው ብራም ስቶከር ታሪኩ የሚጀምርበትን ትራንሲልቫኒያን (ዛሬ ሩማንያ ውስጥ ነው) ረግጦ አያውቅም። 1890 ላይ ዊትቢ ወደምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ለእረፍት ሄዶ፣ ስለ ትራንሲልቫኒያ አካባቢ የተጻፈ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተዋሰ። «ድራኩላ» 1897 ታተመ። ታዲያ መጽሐፉ የሚጀምረው በጥርስና በደም አይደለም፤ በባቡር ሰዓት ነው። ወጣቱ የሕግ ሰው ማስታወሻው ላይ ይጽፋል፦ ከሙኒክ ምሽት 2፡35 ተነሳን፤ ቪየና መድረስ የነበረብን ንጋት 12፡46 ነበር፤ ባቡሩ ግን አንድ ሰዓት ዘገየ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደ ምሥራቅ በሄድን ቁጥር ባቡሮቹ ይበልጥ ይዘገያሉ ብሎ ያማርራል። እኔ ቤተ መንግሥቱን ከማመኔ በፊት ያመንኩት የዘገየውን ባቡር ነው። ባቡሩን ካመንኩ በኋላ ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚድኽ ሰው ቢያመጣም አልተከራከርኩትም።

የአንድ የአቢሲኒያ ልዑል ታሪክ የሆነው የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» ግን ሌላ ነገር ነው። ጆንሰንም አቢሲኒያን አላያትም። ወጣት ሳለ የፖርቹጋላዊውን ሚሲዮናዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር፤ 1735 ላይ ወጥቷል። ራሴላስን የጻፈው ከዚያ 24 ዓመት ቆይቶ ነው። ልዑሉ የሚኖረው በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ነው። መግቢያው ከድንጋይ ስር የሚያልፍ ዋሻ ነው፤ በብረት በር ይዘጋል። በሩ የሚከፈተው ንጉሡ በዓመት አንዴ ሲመጣ ብቻ ነው። ሸለቆው ውስጥ ምንም የሚጎድል ነገር የለም። ምግብ፣ ሙዚቃ፣ አትክልት፣ ሁሉ ሞልቷል።

እውነቱን ለመናገር ሸለቆው አልታየኝም። መጀመሪያ ጆንሰን ስላልሄደ ነው ብዬ ነበር። ስቶከርም እኮ አልሄደም። እንደሚመስለኝ ያልታየኝ ማንንም የማያስቸግር ቦታ ስለሆነ ነው። ማንም እዚያ ውስጥ ደረጃ አይቆጥርም። ማንም በማንም በር ፊት ተደብቆ አያልፍም። ልዑሉ ራሱ የሰለቸው ለዚህ ነው፤ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት መውጫ ይፈልጋል። ጆንሰን ይህን አውቆ ያደረገው ይመስለኛል። ሸለቆው መታየት የሚጀምረው ልዑሉ ማምለጫ ቀዳዳ ፍለጋ ተራራ ለተራራ ሲንከራተት ነው።

ጄምስ ጆይስ ደግሞ የተወለደባትን የአየርላንድ ከተማ ደብሊንን ከሩቅ ሆኖ ነው የጻፋት። ከትሪየስት፣ ከዙሪክ፣ ከፓሪስ። «ዩሊሲስ» ከሞላ ጎደል አንድ ቀን ነው፤ ጁን 16፣ 1904። የታተመው 1922። ከተማዋ አንድ ቀን ብትጠፋ ከመጽሐፉ ተነስቶ መልሶ መገንባት እስኪቻል ድረስ አድርጎ ሊስላት እንደሚፈልግ ለጓደኛው ነግሮታል። ጉራ ይመስላል። ግን ሰውዬው በደብሊን ያሉ ቤቶችንና ነዋሪዎቻቸውን የሚዘረዝር ማውጫ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር የሚሠራው።

የምወደው ግን ለአክስቱ የጻፈላትን ደብዳቤ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ብሉም ሌሊት ቤቱ ሲመለስ ቁልፍ የለውም፤ ሌላኛው ሱሪው ኪስ ውስጥ ረስቶታል። ጆይስ አክስቱን ይጠይቃል፦ አንድ ተራ ሰው የኤክልስ መንገድ ቁጥር 7ን የብረት አጥር ተሻግሮ፣ ተንጠልጥሎ፣ ሳይጎዳ ወደ ታች መዝለል ይችላል? ሄደሽ አይተሽ ንገሪኝ ነው ነገሩ። መጽሐፉ ሊታተም ወራት ነው የቀረው፤ እሱ ፓሪስ ቁጭ ብሎ የአጥር ቁመት ያሳስበዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?

ቤቱ ዛሬ የለም። ፈርሶ በቦታው ሆስፒታል ተሠርቷል። በሩ ብቻ ተርፎ እዚያው ደብሊን በደራሲው ስም የተሰየመ ማዕከል ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ አውሮፕላን ተሳፍሮ ደብሊን የሚደርስ ሰው ብሉም የዘለለበትን አጥር አያገኘውም። እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ አየሁት። ይቺን ነገር መንገድ የሚወዱ ጓደኞቼ ላይ ስነሰንስባቸው ይናደዳሉ።

ደግሞ መንቀሳቀስ ብቻውን ማየት አይደለም። የጁል ቨርን ፊሊያስ ፎግ በ80 ቀን ዓለምን ይዞራል፤ ታሪኩ በጋዜጣ የወጣው 1872 ነው። ሰውዬው ግን መርከብ ላይ ካርታ ይጫወታል። ከተማ ሲደርስ ፓስፖርቱን አስመትቶ ይመለሳል። አገሩን የሚያይለት አሽከሩ ነው። ቨርን ራሱ ይቀልድበታል።

የፎግን ጉዞ ካነበብኩ በኋላ አሚናን አገኘኋት። ከሁሉ በላይ ውስጤ የቀረችው እሷ ናት። የናጊብ ማህፉዝ የካይሮ ሦስት ተከታታይ ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ላይ ነው ያለችው፤ 1956 ላይ በወጣው። ታሪኩ የሚጀምረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። አሚና ገና በልጅነቷ ተድራ እዚያ ቤት ከገባች 25 ዓመት ሆኗታል። አልፎ አልፎ ከባሏ ጋር በጋሪ እናቷን ለመጠየቅ ካልሆነ በቀር አትወጣም። ባሏ ግን ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሲዝናና ያመሻል። እሷ እኩለ ሌሊት ተነስታ መብራት ይዛ ደረጃውን ታበራለታለች።

ከተማውን የምታየው ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የእንጨት መስኮት በኩል ነው። መንገዱ፣ ቡና ቤቱ፣ የውኃ ቦታው በዚያ ተሸንሽኖ ይደርሳታል። ጣሪያ ላይ ስትወጣ የመስጊዶቹን ሚናሮች ታያለች። ቅርብ ያሉት ቁልጭ ብለው፣ ሩቅ ያሉት ጥላ መስለው። የሁሴን መስጊድ እዚያው ቅርቧ ነው፤ በእግር የሚደረስ ነው። ገብታ ለማየት ዕድሜዋን ሙሉ ተመኝታለች።

አንድ ቀን ባሏ ለሥራ ፖርት ሰኢድ ይሄዳል። ልጆቿ ያደፋፍሯታል። ትንሹ ልጇን ይዛ ትወጣለች። ያቺን አጭር መንገድ ሳነብ እጄ አልቦታል። በመስኮት ብቻ የምታውቀው መንገድ ላይ በእግሯ ስትሄድ ሁሉ ነገር ትልቅ ነው፣ ሁሉ ነገር ቅርብ ነው። መስጊዱ ገባች፣ አየች፣ አለቀሰች። ሲመለሱ መኪና ገጫት፤ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። ባሏ እስክትድን ጠበቀና ከቤት አስወጣት።

የዓለም ዙሪያ ጉዞ ከዚህ የእግር መንገድ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። ማህፉዝ ያንን ሰፈር ጥግ በጥግ ያውቀዋል፤ 1911 የተወለደው እዚያው ገማሊያ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከግብፅ የወጣው ለቁጥር ያህል ነው። 1988 ላይ ኖቤል ሲሸለም እንኳ ስቶክሆልም አልሄደም፤ ሽልማቱን ሁለት ሴት ልጆቹ ተቀበሉለት። ስለ አሚና ሲጽፍ የማይወጣ ሰው ከተማን እንዴት እንደሚያይ ማንም ያስረዳው አይመስለኝም።

እኔ ሳነብ ካርታ አጠገቤ አይጠፋም። ፎቶ ግን መጽሐፉን ሳልጨርስ አልከፍትም። ካርታ ርቀቱን ነው የሚነግረኝ፤ ፎቶ ግን የኔን ከተማ ነጥቆ የሰው ይሰጠኛል። ስጨርስ እከፍተዋለሁ። አንዳንዴ መንገዱ እኔ ካሰብኩት ይጠብባል፣ አንዳንዴ ወንዙ በሌላ በኩል ነው። እኔ ከሠራሁት ጋር ይቀላቀልና ሁለቱም አብረው ይኖራሉ።

መጽሐፍ ጉዞን ይተካል አልልም። ቦታው እዚያ ድረስ ለሄደ ሰው መልስ ይሰጣል፤ ዝናብ ይዘንብበታል፣ ሱቅ ይዘጋበታል፣ መንገድ ጠይቆ የተሳሳተ አቅጣጫ ይነገረዋል። መጽሐፍ ውስጥ የሚዘንበው ደራሲው የፈለገ ቀን ነው።

አንድ መጽሐፍ ግን ራሱ ናልኝ ይላል። ኦርሃን ፓሙክ 2008 ላይ የኢስታንቡል የፍቅር ታሪክ አሳተመ፤ 2012 ላይ ደግሞ እዚያው ከተማ የዚያ ታሪክ ሙዚየም ከፈተ። መጽሐፉ 83 ምዕራፍ አለው፤ ለምዕራፎቹ እያንዳንዳቸው ዕቃ የሞላ ሳጥን ተዘጋጅቷል። ግድግዳው ላይ አፍቃሪው የሚወዳት ልጅ ካጨሰችው ደብቆ ያጠራቀማቸው 4,213 የሲጋራ ቁራጮች ተሰክተዋል። ልጅቷ የለችም፣ ሲጋራ አላጨሰችም፣ ቁራጩ ግን አለ። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ገጽ ላይ የመግቢያ ትኬት ታትሟል። ይዞት የሄደ ሰው ማህተም ተመትቶለት በነጻ ይገባል።

የኔው ትኬት ማህተም የለበትም። ለአንዷ ጓደኛዬ ሳሳያት «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እንሂድ!» አለችኝ። ልቤ ተነሳ። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ሻንጣ ያከብዳል ስላት «ገጹን ብቻ ቀደሽ ያዢዋ» አለች። ከዚህች ሰው ጋርማ የትም አልሄድም።