ትንሿ ሳጥን ጌም ትችላለች፣ ራሟን ግን ሁለት አድርጉላት

ቤርቦን ኮምፒውተር ለጌም ይሆናል ወይ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ይሆናል። ግን የምትገዙትን እወቁ። ቤርቦን ማለት ሳጥኑ፣ ማዘርቦርዱና ቻርጀሩ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩን (ዋናውን አስሊ ቺፕ)፣ ራሙን (ኮምፒውተሩ እየሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ሚሞሪ) እና ኤስኤስዲውን (ፋይልና ጌም የሚቀመጥበትን) ራሳችሁ ፈልጋችሁ ትገጥማላችሁ።

እኔ በደንብ የማውቀው አስሮክ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ዴስክሚኒ ኤክስ300 ነው። ጎንና ጎኑ 155 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 80 ቢሆን ነው። ግራፊክስ ካርድ አይገባበትም፤ ጌሙን የሚሸከመው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ነው። ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለውን ፕሮሰሰር ከገጠማችሁበት ጂቲኤ 5ን፣ ዶታ 2ንና ቫሎራንትን በ1080ፒ፣ ሴቲንጉን ዝቅ አድርጋችሁ አሪፍ ትጫወታላችሁ። እንደ ሳይበርፐንክ ላለ ከባድ ጌም ግን ሌላ ማሽን ፈልጉ። ደግሞ ቦርዱ ከፕሮሰሰሩ ቀድሞ የወጣ ስለሆነ ባዮሱ (ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ካልታደሰ ላያውቀው ይችላል፤ ሻጩን ሳትጠይቁ ብር እንዳትከፍሉ።

ዋናው ጉዳይ ራሙ ነው። ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ማሽኑን ይዞልኝ መጣ። ጂቲኤ ላይ መኪናው ፈጠን ባለ ቁጥር ምስሉ ቀጥ፣ ደግሞ ዝልል ይላል። ፕሮሰሰሩን በትልቅ ልቀይረው ነው ብሎ ቆርጦ ነበር። የኋላውን ብሎኖች ፈትቼ ቦርዱን ስስበው አንዱ የራም ቦታ ባዶ ነው፣ ሌላው ላይ ባለ 16 ጂቢ ተሰክቷል። አውጥቼ ሁለት ባለ 8 ሰካሁበት። መጠኑ ያው 16 ነው፣ ጌሙ ግን ሌላ ሆነ! ይህ ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ የለውም፣ የሚበላው ከራሙ ነው። ፍጥነቱ 3200 የሆነ አንድ ዲዲአር4 የሚባል ዓይነት ራም በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ ሁለት ሲሆን 51.2። በአንድ በር ሲጋፋ የነበረ ሰው ሁለተኛ በር ተከፈተለት እንደማለት ነው። በብዙ ጌሞች ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) በሲሶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ብር ካጠራችሁ ከፕሮሰሰሩ ቀንሱ እንጂ ከራሙ አትንኩ።

ሙቀቱንም አትናቁት። ለምሳሌ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ያህል እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ የክፍሉ ወበቅ ይጨመርበታል። ከ46 ሚሊሜትር የረዘመ ፋን አይገባበትም፣ ስለዚህ ሳጥኑን ከግድግዳ አርቁት፤ አቧራውንም ቶሎ ቶሎ አራግፉለት።

እኔ በጣም የምወድለት መብራት አለመብላቱን ነው። ቻርጀሩ 120 ዋት ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ትልቁን የጌም ኮምፒውተር ወዲያው የሚጥለው ትንሽ ዩፒኤስ (የመብራት መጠባበቂያ ባትሪ) ይሄን ጨዋታውን ሴቭ አድርጋችሁ እስክትወጡ ይይዝላችኋል።

አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ስታዝዙ «ራም» ብቻ ብላችሁ አትላኩት። የሚገባበት የላፕቶፕ ራም ነው። «የላፕቶፕ ዲዲአር4፣ 3200፣ ባለ 8 ጂቢ፣ ሁለት» ብላችሁ በቴሌግራም ጻፉለት።