የደበዘዘውን ፎቶ አትሰርዙ፦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አንዲት ወፍ የለየሁበት መንገድ

ኅዳር ላይ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ጥቁር ውኃ በሚባለው በኩል ፊላው ሳስቶ ጭቃው በሚታይበት ቦታ አንዲት የማላውቃት ወፍ ምግቧን ስትለቅም አየሁ። ብቻዋን ናት። መንቁሯ ቀጭንና ቀጥ ያለ፣ ጀርባዋ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ ነው፤ ኋላዋን ቶሎ ቶሎ ታወዛውዛለች። ካሜራ ከማንሳቴ በፊት ይህንኑ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ፎቶውን ካየን በኋላ በዓይናችን ያየነው ከፎቶው ጋር ይደባለቅብናል።

በዚህ ወቅት ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው ከሚመጡት መካከል ይህን መልክ የሚይዙት በተለይ ሦስት ናቸው፦ ኮመን፣ ውድ (Wood) እና ግሪን ሳንድፓይፐር የሚባሉ የውኃ ዳር ወፎች። ኮመን ከዝርዝሩ ቶሎ ይወጣል። የሆዱ ነጭ በደረቱና በክንፉ መካከል ወደ ትከሻው ሽቅብ ይገባል፤ አንድ ጥሩ የጎን ፎቶ ይበቃዋል። የእኔዋ ይህ የላትም።

አስቸጋሪዎቹ ሁለቱ ናቸው። መጀመሪያ ውድ ሳንድፓይፐር ነው አልኩ፤ እግሯ ቢጫ፣ ጀርባዋ ነጠብጣብ መስሎኝ። ሁለቱም አሳሳቱኝ። የማለዳ ፀሐይ ሁሉን ነገር ቢጫ ትቀባለች። በዚያው ፎቶ ጥግ ሳቢሳ ቆማ ስለነበር ዋይት ባላንሱን (የፎቶውን የቀለም ሚዛን) በእሷ ነጭ ላባ አስተካከልኩት፤ የወፏ እግር ግራጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ነጠብጣቡም በግሪን ላይ አለ፣ ግን ደቃቅ ነው፤ የውዱ ትልልቅና ጎላ ያለ ነው። ካሜራው ምስሉን ለማጥራት ጠርዞችን ሲያደምቅ ደቃቁን ያጎላዋል። መጠን ደግሞ ብዙም አይረዳም፤ የሁለቱም ይቀራረባል።

ከዚያ ወደ ቅንድቧ ሄድኩ። የውድ ነጭ ቅንድብ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይዘልቃል፤ የግሪን ከመንቁሩ ተነሥቶ ዓይኑ ላይ ያበቃል። ካነሳኋቸው 23 ፎቶዎች ይህ የሚታየው በሁለት ፎቶዎች ብቻ ነው፤ በእነሱም ዓይኗ ላይ ያበቃል።

የቆረጠልኝ ግን ልሰርዘው የነበረው ፎቶ ነው። ስትነሣ በ1/250 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት (የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ) ያነሳሁት ስለሆነ ደብዝዟል። ቢሆንም የክንፏ የውስጥ ገጽ ጥቁር ማለት ይቻላል፣ ከጅራቷ በላይ ነጭ፣ ጅራቷ ላይ ጥቂት ሰፋፊ ጥቁር መስመሮች። የውድ የክንፍ ውስጥ ፈዛዛ ነው፤ የጅራቱ መስመሮችም ቀጫጭንና ብዙ ናቸው። ሰማይ ከኋላ ሲሆን ማንኛዋም ወፍ ልትጠቁር ስለምትችል ሆዷን አየሁ፤ እዚያው ፎቶ ላይ ነጭነቱ ጠርቶ ይታያል። ስለዚህ የክንፉ ጥቁረት የጥላ አይደለም። አሁን የምትነሣ ወፍ ስጠብቅ ከ1/1600 በታች አልወርድም፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ለካሜራው እተዋለሁ።

ስትነሣ የጮኸችውም ከግሪን ጋር ይስማማል፤ የጠራ፣ የሚያስተጋባ «ትሉ-ዊት-ዊት»። የውዱ «ቺፍ-ቺፍ-ቺፍ» ፈጠንና ደረቅ ያለ ነው። ስልኩን ቀድማችሁ ድምፅ መቅጃው ላይ አድርጉት፤ የምትጮኸው አንዴ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ወፍ ለሚያውቁ ሁለት ሰዎች ፎቶዎቹን በቴሌግራም፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክሁ፤ አለዚያ ይጨመቅና የቅንድቡ ጫፍ ይጠፋል። ስሙን አልነገርኳቸውም። አንዱ የቆመችበትን ብቻ አይቶ «ውድ ነው» አለኝ፤ የደበዘዘውን ሲያይ «ግሪን» ብሎ አረመው።