የዓሣውን ስንጥብ ያቀላሁበት ቀን

ይህን የምጽፈው ከአጥማጅ የተቀበላችሁትን ወይም ራሳችሁ ያጠመዳችሁትን ዓሣ በፎቶ እያሳያችሁ ለምትሸጡ ሰዎች ነው። የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሰው ሊነግራችሁ የሚገባ ነገር አለ። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። የተነገረኝ ተቃራኒው ነው፤ ያውም በሥልጠና አዳራሽ፣ ያውም በምስክር ወረቀት ታጅቦ።

የምሠራው ሐዋሳ ነው። አጎቴ፣ እኛ ቤት ጋሼ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሐይቁ ላይ የጨረሱ አጥማጅ ናቸው። ማታ መረብ ይጥላሉ፣ ንጋት ላይ ያነሳሉ። ጀልባዎቹ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ሲደርሱ እኔ ቆሮሶውንና አምባዛውን እለያለሁ፣ አስመዝናለሁ፣ ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላሉ ምግብ ቤቶች በቴሌግራም እልካለሁ። አይተው ያዝዛሉ። ዓሣው በበረዶ ሳጥን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በዚያው ቀን ይደርሳል። ደንበኞቼ ዓሣውን ከመግዛታቸው በፊት የሚያዩበት ዓይን የእኔ ስልክ ብቻ ነው። ይህን በቅጡ ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።

መጀመሪያ ላይ ችግሬ ሌላ ነበር። ከሐይቁ ከወጣ አንድ ሰዓት ያልሞላው ዓሣ በፎቶ ላይ ሦስት ቀን የሰነበተ ይመስል ነበር። ሆዱ ቢጫ፣ ቅርፊቱ ደብዛዛ። ደንበኛ «ይህ የትናንት አይደለም ወይ?» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ለካ ጥፋቱ ዓሣውን የምዘረጋበት ሰማያዊ ሸራ ኖሯል። ስልኩ ሰማያዊ ቀለም ሲበዛበት ብርሃኑ ራሱ ሰማያዊ ነው ብሎ ይገምትና ሚዛኑን ለመጠበቅ በሙሉው ፎቶ ላይ ቢጫ ይጨምራል። ሸራው ግራጫ ይመስላል፣ ዓሣው ደግሞ ቢጫ ይሆናል። ሸራውን ትቼ በግራጫ ጣውላ ላይ መዘርጋት ስጀምር ግማሹ ችግር ያለ ምንም ሶፍትዌር ተቃለለ።

ቀሪውን ግማሽ ለማቃለል ላፕቶፔ ላይ ጂምፕ (GIMP) የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ጫንኩ። በነጻ የሚገኝ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ ክፍያ የሚጠይቁትን ለመግዛት ገንዘብ አታባክኑ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከዓሣው አጠገብ ነጭ ወረቀት ወይም ግራጫ ካርቶን አስቀምጣችሁ ታነሳላችሁ፤ «ሌቭልስ» በሚለው መስኮት ግራጫውን ነጥብ መልቀሚያ ይዛችሁ ካርቶኑን ትነኩታላችሁ፤ የፎቶው ቀለም በአንድ ጊዜ ይስተካከላል። የጨለመውን ጥቂት ማብራት፣ ጠርዙን መከርከም፣ ማስቀመጥ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እርጥብ ቅርፊት ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ግን ነጭ ሆኖ የሚቃጠል ቦታ ይፈጠራል። እዚያ ቦታ ላይ ካሜራው የመዘገበው ነገር ስለሌለ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ስለዚህ ዓሣውን ጥላ ውስጥ አንሱት፤ ወይም አንድ ሰው ነጠላ ዘርግቶ ይከልልላችሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ካሜራው ያጣመመውን ማቃናት ነው፤ ዛሬም ያለ ምንም ሐፍረት የማደርገው ነው።

ከዚያ ሥልጠናው መጣ። ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተዘጋጀ የሦስት ቀን የዲጂታል ግብይት ሥልጠና ነበር። አሠልጣኙ የዓሣ ፎቶ ከእኔ ስልክ ወስዶ በትልቁ ስክሪን ላይ አሳየና ስህተቶቼን ቆጠረ። ጀርባው ይጥፋና ነጭ ይሁን። መረቡ በዓሣው ላይ የተወው ሰንበር በሶፍትዌሩ «ማከሚያ ብሩሽ» ይሰረዝ። ዓይኑ ያብራ። ስንጥቡ፣ ከጭንቅላቱ ጎን በክዳን ሥር ያለው መተንፈሻው፣ ደማቅ ቀይ ይሁን፤ «ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ስንጥብ ነው»። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቀዩን ቀለም ብቻ መርጦ ድምቀቱን ሲጨምረው ስንጥቡ እንደ በርበሬ ቀላ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ገዢ መጀመሪያ ስንጥብ የሚያየው ለምን እንደሆነ ያ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ራሱን የጠየቀ አይመስለኝም። እኔ ግን አውቅ ነበር፤ የዓሣው ትኩስነት የሚታወቀው በስንጥቡ ቀለም ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ ለዚህም ነው ከእርሱ ይልቅ በራሴ የምናደደው።

የሁዳዴ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ነበር። ዓሣ የሚበሉ ጿሚዎች ስለሚበዙ በዚያ ወቅት ያለው ፍላጎት ከሌላው ጊዜ ጋር አይወዳደርም። ሁለት ዓመት ያህል ሳያቋርጥ የገዛኝ አንድ ምግብ ቤት 60 ኪሎ ቆሮሶ ጠየቀኝ። ሌሊቱን ነፋስ በርትቶ ስለነበር ጋሼ ይዘው የመጡት 38 ኪሎ ብቻ ነው። እርሳቸው እንደ ልማዳቸው በጨለማ ወጥተው መረባቸውን በጊዜ አንስተዋል። የቀረውን 22 ኪሎ ከሌላ ጀልባ ወሰድኩ። የዚያ ጀልባ መረብ የተነሳው ረፋድ ላይ ነው። ማታ በጊዜ መረብ የገባ ዓሣ እዚያው ሞቶ ሰዓታት በውኃ ውስጥ ይቆያል። ሥጋው ይላላል።

አንዱን አንስቼ የስንጥቡን ክዳን በአውራ ጣቴ ገለጥ አደረግሁት። ውስጡ ቀይ አልነበረም፤ ሻይ የነካው ጨርቅ ይመስል ነበር። ዓይኑ ጠፍጠፍ ብሎ ስስ ጭጋግ ለብሷል። ጎኑን በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ወዲያው አልተመለሰም። አልሸተተም፣ አልተበላሸም፤ ለጉላሽ ወይም ለሾርባ የሚሆን ደህና ዓሣ ነው። ለለብለብና ሙሉውን ለሚጠበስ ግን አይሆንም። ይህንን ሁሉ በእጄ ይዤ አውቄዋለሁ። ማድረግ የነበረብኝ ሁለት ፎቶ ልኮ «ይህ 38 ኪሎ ለጥብስ፣ ይህ 22 ኪሎ ለጉላሽ፣ ዋጋው ዝቅ ይላል» ብሎ መጻፍ ነበር። ሁለት መስመር ነው።

ጂምፕን ከፈትኩ። በመጀመሪያ ያቀናሁት እንደ ሁልጊዜው ብርሃኑን ነበር። ቀጥሎ ስንጥቡን ብቻ ከብቤ መረጥኩና ቀዩን ከፍ አደረግሁት። ቡናማው ወደ ቀይ ሲሄድ ዓይኔ እያየ፣ «ካሜራው አደብዝዞት ነው እንጂ» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይህን ዓረፍተ ነገር በደንብ አስታውሰዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢጫውን ሳስተካክል የተጠቀምኩበት እውነተኛ ምክንያት ነበር፤ በዚያች ጠዋት ለውሸት አዋስኩት። ከዚያ ዓይኑን አበራሁ። የመረቡን ሰንበር ሰረዝኩ። ጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ በአዲስ ስም አላስቀመጥኩም፤ «ኦቨርራይት» የሚለውን ተጭኜ በዋናው ፎቶ ላይ ጻፍኩበት። ለጋሼ ዓሣም እንዲሁ አደረግሁ፤ ሰባቱም ፎቶዎች አንድ ዓይነት እንዲመስሉ ስለፈለግሁ ምንም የማያስፈልገውን ትኩስ ዓሣ ሳይቀር አቀላሁት። የስልኬ ማህደር ሞልቶ ስለነበር እዚያ ያሉትን ቀድሜ አጥፍቻቸዋለሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«እህቴ፣ እነዚህን ፎቶዎች ዛሬ ነው ያነሳሻቸው?»

«አዎ፣ ዛሬ ጠዋት።»

«ወጥ ቤት ቆሜ ነው የማናግርሽ። ስልኩን ከዓሣው ጎን ይዤዋለሁ። አንድ አይደሉም።»

ዝም አልኩ።

«ሳትነካኪ ያነሳሻቸውን ላኪልኝና ልያቸው።»

«የሉኝም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ማን ያምነኛል? ከሦስቱ ሳጥን ሁለቱ የአጎቴ እንደሆኑ፣ ከንጋት ወዲህ የወጡ እንደሆኑ ነገርኳቸው። «ሦስቱም ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ቀይ ናቸው። አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላውን በምን ልመን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ዓሣ ተመልሶ 275 ኪሎ ሜትር አይጓዝም። ስልሳውንም ኪሎ በጉላሽ ዋጋ ወሰዱት። ገንዘቡን በዚያው ምሽት በባንክ አስገቡልኝ፤ ከዚያ በኋላ አላዘዙኝም።

የጋሼን ልዩነት ከኪሴ ከፈልኩ። ምክንያቱን መደበቅ እችል ነበር፤ ግን ነገርኳቸው። መረብ እየጠገኑ ነበር። እጃቸውን አላቆሙም። «በጨለማ ወጥቼ ያመጣሁትን ዓሣ በስልክሽ ውሸታም አደረግሽው?» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ አሁንም ያመኛል። የእርሳቸው ዓሣ ምንም ማሳመሪያ አያሻውም ነበር።

በሳምንቱ ሥልጠናውን ወዳዘጋጀው ቢሮ ሄድኩ። ጥፋቴን ላሳብብ አልነበረም፤ የሥልጠናው ጽሑፍ ላይ ስለ ምግብ የሚለውን ክፍል እንዲያስተካክሉት ልነግራቸው ነው። የሚሸጠው ጫማ ቢሆን ጀርባውን ነጭ ማድረግ ማንንም አይጎዳም፤ የዓሣ ስንጥብ ግን ጌጥ አይደለም፣ የገዢው መመርመሪያ ነው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲልኩኝ ግማሽ ቀን ዋልኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት ሰው የምስክር ወረቀቴን ቁጥር ጠየቀኝና «ሥልጠናው ተጠናቋል፤ አስተያየት ካለ በሚቀጥለው በጀት ዓመት» አለኝ። ሌላ ሰው በዚያው ጽሑፍ እየሠለጠነ እንደሆነ ሳስብ እስከ ዛሬ እበሳጫለሁ። ይህን መጻፍ የጀመርኩትም በዚያ ብስጭት ነው።

አሁን የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ፤ ከሥልጠናው ጋር በየቦታው ይጋጫል።

ጀርባውን አታጥፉ። ጣውላው፣ በረዶው፣ የሚዛኑ ጫፍ፣ የአጥማጁ እጅ ይታይ። ነጭ ባዶ ቦታ ላይ የተንሳፈፈ ዓሣ መቼም የትም የተነሳ ሊሆን ይችላል። የመረቡን ሰንበርም ተዉት፤ ዓሣ የሚያውቅ ወጥ ሠሪ ሰንበር ሲያይ አይደነግጥም፣ ሲያጣው ነው የሚጠራጠረው። ከዓሣው ጎን የልብስ ሰፊ ሜትር ዘርጉ። ዓሣን በተዘረጋ ክንድ ወደ ካሜራው አቅርቦ ማንሳት ትንሹን ቆሮሶ ግዙፍ ያስመስለዋል፤ ምንም ሶፍትዌር ሳትነኩ የምትዋሹበት መንገድ ይህ ነው፣ እርሱንም ተዉት። ከላይ፣ ቀጥ ብላችሁ፣ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሱ።

የማስተካክለው ሙሉውን ፎቶ እኩል የሚነካውን ብቻ ነው፤ የብርሃን መጠንና የቀለም ሚዛን። የዓሣውን አንድ ክፍል ለብቻው ከብቤ መምረጥ ከጀመርኩ እጄን አነሳለሁ። ለብቻው የሚከበብ ቦታ ሲኖር ዓሣው ራሱ የሚናገረው ነገር አለ ማለት ነው። ስንጥቡን ገልጬ አነሳለሁ፣ እንደሆነው ሆኖ ይታያል። ቀለሙ ሻይ ከሆነ ከሥሩ «ለጉላሽ» ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ የጉላሹ ዓሣ ለብቻው ገዢ አገኘ፤ ዋጋው ያንሳል እንጂ ተሸጦ ያልቃል።

ዋናውን ፎቶ በቀን የተሰየመ ማህደር ውስጥ ለስድስት ወር አስቀምጣለሁ። ጂምፕ ላይ የሠራሁትን በሌላ ስም አወጣለሁ። ለአዲስ ደንበኛ ዋናውን ጭምር እልካለሁ፤ ያውም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ ምክንያቱም ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከውን ያሳንሰዋል፣ የተነሳበትን ሰዓት የያዘውን መረጃም ያስቀረዋል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን ሁሉም አብሮት ይሄዳል። ኢንተርኔት ይፈጃል፣ አውቃለሁ። ይፍጅ።

ለእኚያ የምግብ ቤት ባለቤት ዘወትር ረቡዕ ጠዋት የጋሼን ዓሣ ፎቶ እልካለሁ፤ ያልተነካውን፣ ሜትሩ ከጎኑ ተዘርግቶ፣ ስንጥቡ ተገልጦ። ማየታቸውን የሚነግሩኝ ሁለቱ ምልክቶች ከደቂቃዎች በኋላ ይመጣሉ። መልስ ግን እስካሁን የለም። ነገ ረቡዕ ነው፤ ጋሼ መረባቸውን ይዘው ወጥተዋል።