ዝርዝር የለኝም

እሑድ ማታ። ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ለምን ብባል አላውቅም። ዝናቡ ሊሆን ይችላል። የሲልቨር ስፕሪንግ የኅዳር ዝናብ እንደ አገር ቤቱ ወርዶ አይወጣለትም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያለቃቅስ ይውላል። የኔዋ የማታ ፈረቃ ናት። ትንሿ ተኝታለች። ቡና ለብቻዬ አፍልቼ ለብቻዬ ጠጣሁ። እናቴ ብታየኝ ታለቅስልኝ ነበር።

እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ደብተሬን ሳወጣ የቤት ሥራው ወረቀት አብሮ ወጣ። ነገ መግባት አለበት። ጥያቄ ስድስት፦ 503 ሲቀነስ 287። መልሱን አይደለም የፈለጉት። ለሁለተኛ ክፍል ልጅ እንዴት እንደምታስረዳው በራስህ ቃል ጻፍ ነው የሚለው።

አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ መቀነስ እየተማርኩ ነው። ሳቁ። ይሄ ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት የሚያዘጋጀው የሁለት ዓመት ዲግሪ ሦስት የሒሳብ ኮርስ አለው። ሦስቱም ሕፃናት የሚማሩትን ሒሳብ ከሥሩ እየቆፈሩ ያሳዩሃል። ባለፈው ሳምንት አሥር ጣት እንደሌለን፣ አንድ እጅ ብቻ እንዳለን አድርገን ስንቆጥር ነበር። ከ4 ቀጥሎ 10 ይጻፋል። ከ14 ቀጥሎ 20። አጠገቤ የሚቀመጠው፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ጠረጴዛው ሥር እጁን ደብቆ በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። መምህራችን ግራ መጋባታችንን አይታ ደስ አላት። «የስድስት ዓመት ልጅ መሆን እንዲህ ነው» አለችን።

ሰፈር ቡና ቤት ያሉት ወዳጆቼ «ሁለት ዓመቱን ስትጨርስ መምህር ሆንክ ማለት ነው?» ይሉኛል። አልሆንም። ሁለት ዓመቱን ስጨርስ ሌላ ሁለት ዓመት እጀምራለሁ። ዲግሪው የተሠራው ለመዛወር ነው። ወደ 60 ክሬዲት ትሰበስባለህ፣ ከዚያ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎች «ይቺን ኮርስ እንቀበላለን፣ ያቺን አንቀበልም» እያሉ ሳይለቅሙ እንዳለ ይረከቡሃል። ውጤትህ ከደረሰ ማለት ነው። እዚያ ደግሞ ባችለርህንና የመምህርነት ፈቃድህን ትጨርሳለህ። በግዛቲቱ ሕግ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2026 ጀምሮ የመምህር ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 60,000 ዶላር ነው። የኔዋ ይህችን ቁጥር ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋታለች። ወተት በከፈትኩ ቁጥር ታየኛለች።

ወደ ጥያቄ ስድስት።

እኔ የማውቀው አንድ መንገድ ነው። ከሦስት ላይ ሰባት አይቀነስም፣ ተበደር። ከማን? ከጎረቤት። ጎረቤት ዜሮ ናት፣ ራሷ የላትም። እሷም ከአምስት ትበደርና መልሳ ታበድራለች። (ይህቺን ዜሮ አሁን ሳስባት እኔን ትመስለኛለች። አገር ቤት ሆኖ የሚደውልልኝ ሁሉ ከማን ተበድሬ እንደምልክ አያውቅም።)

እዚህ ግን «መበደር» የምትለዋ ቃል አትወደድም። የእነሱም የዱሮ መምህራን በዚሁ ቃል ነበር የሚያስተምሩት፤ አሁን «ሪግሩፒንግ»፣ እንደገና መመደብ፣ በሉ አለችን መምህራችን። ምክንያቱን ስትነግረን፣ የተበደሩት ነገር ይመለሳል፣ ይሄ ግን አይመለስም፣ ስለዚህ ልጁን እያሳሳታችሁት ነው አለች። ክፍሉ ዝም ብሎ ጻፈ። እኔ እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ቀረ።

ጅሩ ትዝ አለኝ።

በ1987 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ቲቲአይ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛው፣ አንድ ዓመት ተምሬ፣ ሰርተፊኬቴን ይዤ፣ ጢሜ ገና ሳይበቅል ጅሩ ተመደብኩ። ሦስተኛ ክፍል። ከሰባ የማያንሱ ልጆች። ሰሌዳው ላይ ይሄንኑ የመሰለ ስሌት ጽፌ «ተበደር» እያልኩ ስወርድ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ብድሩ መቼ ነው የሚመለሰው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «ቁጭ በል!» አልኩት።

ያኔ ለማዳበሪያ ብድር ያልገባ ቤት ጥቂት ነበር። ያ ልጅ ብድር ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ያውቃል። መክፈያው ሲደርስ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚወራ ሰምቷል። ስለዚህ ጠየቀ። አሁን አሜሪካን አገር በክሬዲት ከፍዬ የምማረውን ነገር በነፃ ነግሮኝ ነበር። ስሙ ጠፍቶኛል። ሹራቡ ትዝ ይለኛል፣ ክርኑ ላይ የተቀደደ። ዛሬ አርባ ሊሆነው ነው።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ትክክለኛው ቃል እጃችን ላይ መኖሩ ነው። ዘርዝር! መቶ ብር ይዘህ ሱቅ ትሄድና «ዘርዝርልኝ» ትላለህ። አሥር አሥር ይሰጥሃል። ማንም ለማንም አልተበደረም፣ ያው መቶ ብር ነው። 503ም እንደዚያው። ከአምስቱ መቶ አንዱን ዘርዝር፣ አሥር አሥሮች ይሆናል። ከአሥሮቹ አንዱን ዘርዝር፣ አሥር አንዶች ይሆናል። አሁን 4 መቶ፣ 9 አሥር፣ 13 አንድ በእጅህ አለ። ቀንስ። 216። የጅሩ ልጅ ገበያ ውሎ የሚገባ ነው፣ በአንድ ደቂቃ ይገባው ነበር። የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ «ዝርዝር ያዙ» እያለ ሲጮህ እየሰማን፣ ክፍል ስንገባ «ተበደር» እንላለን።

ባለሱቁ «ዝርዝር የለኝም» ብሎ በማስቲካ ሲመልስስ? እሱ ሌላ ኮርስ ነው።

በግዕዝ ቁጥር ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር ብዬ ወረቀቱ ጥግ ላይ ሞከርኩት። ፭፻፫። ዜሮ የለም፣ እሷ ከሌለች ደግሞ ተበድራ የምታበድር ጎረቤት የለችም። ደስ አለኝ። ከዚያ ሥሩ ፪፻፹፯ን ጻፍኩና ቀንስ ስባል እኔም ጠፋሁ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። የደበረኝ ምን እንደነበር ረስቼዋለሁ። ዝናቡ አሁንም አላባራም። የቤት ሥራውን መልሼ ሳነበው መልሱ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ ይላል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። እኔ ሁለት ገጽ አማርኛ ጽፌያለሁ።

«ዘርዝር»ን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው?