ያ ቅርጫት ስንት ኪሎ ነው?

ሰሞኑን ነገር ሁሉ ይደብረኛል። ዝናቡ ነው እንዳልል ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል። ብቻ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ባርንስ ሙዚየም በነጻ ያስገባል፣ ትንሿን ይዤ ሄድኩ። ፊላደልፊያ እየኖርኩ ነጻ ነገር ካመለጠኝ ያመኛል፣ ታውቁኛላችሁ።

ባርንስ እንደ ሌሎቹ ሙዚየሞች አይደለም። ከሥዕሎቹ አጠገብ የተለጠፈ ማብራሪያ የለም። ሥዕሉ ይሰቀላል፣ ከጎኑ ደግሞ የድሮ የበር ማጠፊያ ወይም ቁልፍ። አልበርት ባርንስ የሚባለው ሰውዬ ነው እንዲህ ያደረጋቸው። በአራስ ልጆች ዓይን ላይ በሚጨመር መድኃኒት የከበረ ሰው ነው። ሬኗር የሚባለውን ፈረንሣዊ ሠዓሊ ብቻ 181 ሥዕል ሰብስቧል። እውነቱን ለመናገር ሬኗር ቶሎ ይሰለቸኛል። ሁሉም ጉንጩ የቀላ፣ ሁሉም በልቶ የጠገበ። አንዱ ፊት ግን ቆምኩ።

ትልቅ ነው፣ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። በፈረንጆች 1879 የተሳለ፣ ቦታው በርንቫል፣ ፈረንሣይ ኖርማንዲ ያለች የባሕር ዳር መንደር። አንዲት ልጃገረድ ቅርጫት አዝላ ቆማለች። ሦስት ልጆች አብረዋት አሉ። ባሕሩ ሲሸሽ ከአለቱ ላይ የሚበላውን ጥቁር ዛጎል የሚለቅሙ ናቸው።

ቅርጫቱን አየሁት። ደግሜ አየሁት። አይከብድም! እርጥብ ዛጎል የሚሸከሙበት ቅርጫት እኮ ነው። ልጅቷ ግን ጎንበስ እንኳን አላለችም፣ እንደ ነጠላ ጣል ነው ያደረገችው። ሬኗር ሥራ አያውቅም እንዳልል የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፣ በ13 ዓመቱ ፋብሪካ ገብቶ ሳህን ላይ አበባ ይሥል ነበር። ያን በጋ ግን ሀብታም ወዳጁ ቤት በእንግድነት ተቀምጦ ነበር። ሥዕሉም በ1880 ሳሎን በሚባለው የፓሪስ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ የቀረበ ነው። እዚያ የሚመጣው ሰው ላብ ለማየት የሚመጣ አይመስለኝም። ባርንስ በ1942 ሲገዛው 175,000 ዶላር ከፈለበት። ስንት ቅርጫት ዛጎል ይሆን?

ይህን ለትንሿ ላስረዳ ስል ወደ ራሴ ገባሁ። «እኔም እኮ ባንቺ ዕድሜ ውሃ እሸከም ነበር።» ያው የማያልቀው ታሪኬ። ምንጩ፣ ቢጫው ጀሪካን፣ ገመዱ። ክዳኑ ስለጠፋ ፌስታል ጠቅልለን እንወትፈዋለን። ቢወተፍም ያንጠባጥባል። ዳገቱን ስንወጣ ውሃው በጀርባችን እየወረደ ቀሚሳችን ገላችን ላይ ይጣበቃል። ማለዳ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ይህን ሁሉ እየሳቅኩ ነው የማወራው። ሁልጊዜም እየሳቅኩ ነው። ልጄ ታዲያ ምን አለችኝ? «ደስ ሲል! እኛስ መቼ እንሄዳለን?»

ማታ ለታላቄ ደወልኩ፣ እዚያ ነግቶ ነበር።

«ትዝ ይልሻል፣ ያን ዳገት እየሳቅን ስንወጣው?»

ትንሽ ዝም አለች።

«የቱን ሳቅ? ገመዱ እኮ ደረቴ ላይ ሰንበር ያወጣብኝ ነበር። ደግሞ አንቺ የቱን ጀሪካን ነው የተሸከምሽው? ባለ ሦስት ሊትሯን የዘይት ዕቃ ይዘሽ ከኋላዬ እየዘለልሽ ነበር የምትመጪው።»

እኔ! ባለ 20 ሊትሩን ነው እንጂ! ገመዱን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ፌስታሉን አስታውሰዋለሁ። ቆይ ግን፣ የራስን ጀሪካን አዝሎ ፌስታሉን ማየት ይቻላል እንዴ? ተከራከርን። እሷ ገበያ ልትሄድ ስለነበር «አንቺ ልጅ፣ ተይኝ እስቲ» ብላ ዘጋችው።

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ወገቤን ሲያመኝ ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ በልጅነቴ 20 ሊትር ውሃ ስሸከም ነው ብዬዋለሁ። ሰውዬው አዝኖልኝ፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው። መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። ሄጄ ሦስት ሊትር ናት ልበለው?