ከእማዬ ጋር «ሮኪና ራኒ»ን ስናይ

የህንዱ የፊልም ተዋናይ ዳርሜንድራ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2025፣ 90 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አረፈ። እማዬ ዜናውን ከሰማች ጀምሮ «እስቲ አንድ ፊልሙን አሳዪኝ» ትለኝ ነበር። እሷ የምታውቀው የ1975ቱን «ሾሌይ» ነው፤ ከአሚታብ ባቻን ጋር ሞተር ሳይክል ላይ ሆኖ ስለ ጓደኝነት የሚዘፍነውን ቪሩን። እኔ ግን የስተርጅና ሥራውን መረጥኩላት፤ ዳይሬክተሩ ካራን ጆሃር በ2023 ያወጣውን «ሮኪ ኦር ራኒ ኪ ፕሬም ካሃኒ»ን። ከዚህ በፊት ብቻዬን አይቼው ወድጄው ነበር። ቅዳሜ ማታ ከእሷ ጋር ሳየው ደግሞ ለምን እንደወደድኩት ገባኝ።

ሮኪ የዴልሂ ሀብታም የጣፋጭ ነጋዴዎች ልጅ ነው። ራንቪር ሲንግ ደረቱን ነፍቶ፣ የሚያብረቀርቅ ሸሚዙን ከፍቶ፣ እንግሊዝኛውን እየሰባበረ ብቅ ሲል እማዬ ገና ምን እንዳለ ሳልነግራት መሳቅ ጀመረች። «ኧረ ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?» ራኒ፣ አሊያ ባት የምትጫወታት ማለት ነው፣ መጽሐፍና ዘፈን በሞላው የቤንጋሊ ቤት ያደገች የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ናት። የሚያገናኛቸው የአያቶቻቸው ጉዳይ ነው። የሮኪ አያት ዳርሜንድራ ትዝታው ጠፍቶበት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ይውላል፤ ከዚያ ሁሉ ጥፋት የተረፈለት የአንዲት ሴት ስም ነው፦ ጃሚኒ። ሚስቱ ጃሚኒ አይደለችም። ጃሚኒ የራኒ አያት ናት፤ በወጣትነታቸው ሲምላ ላይ ተገናኝተው፣ ተዋደው፣ በዚያው የተለያዩ።

ሻባና አዝሚ ጃሚኒን ሆና ፊቱ ስትቆም፣ መሐመድ ራፊና አሻ ቦስሌ በ1961 «ሃም ዶኖ» ፊልም ላይ የተቀባበሉት ዘፈን ይነሳል። ገና አልጠገብኩሽምና አትሂጂ የሚል ልመና ነው። ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሳ። ሳማት። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ውይ፣ በሞትኩት! በዚህ ዕድሜ!» አለችና ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያበቃ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የእኔም እንደዚያው። ዳርሜንድራ ዛሬ በሕይወት እንደሌለ እያወቅን ነው የምናየው፤ ያ ደግሞ የራሱ ክብደት አለው።

የህንድ የቤተሰብ ፊልምን ለቅሶ እያሾፉበት የሚያስቁ ሥራዎች አይቻለሁ። አይመቹኝም። ሰው እንዳያለቅስ ያሳፍሩታል። እዚህ ሳቁ የተሠራው ለለቅሶው ነው። መጀመሪያ ያስቁንና ልባችንን ያላሉታል፤ «ይሄ እኮ የተጋነነ ነው» ብሎ የሚከራከረው ሐሳባችን ዘና እንዳለ ትልቁ ስሜት ይገባል። ካራን ጆሃር ግነቱን አይደብቀውም፣ አያፍርበትምም። እኛም ስናይ ማፈር አቆምን።

ከሁሉ በላይ የነካኝ ካታክ የሚባለው የህንድ ባህላዊ ዳንስ ነገር ነው። የራኒ አባት የካታክ ዳንሰኛ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቃጭል አስሮ፣ እጁን እንደ ሴት እያለሳለሰ ይደንሳል። ለሮኪና ለመሰሎቹ ወንድ እንዲህ ሲደንስ ማየት መሳቂያ ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች ለሦስት ወር ቤት ተለዋውጠው ሲኖሩ ሮኪ እዚያው አባት ሥር ሆኖ ይማራል፤ ኋላም በዱርጋ በዓል ላይ ከሰውየው ጎን ቆሞ፣ በ2002 «ዴቭዳስ» ላይ ማዱሪ ዲክሲትና አይሽዋሪያ ራይ በደነሱት ዘፈን፣ ቀይ ለብሶ ይደንሳል። ያ ሁሉ ጡንቻ ያን ያህል ሲለሰልስ ያስቃል፤ ማንም ግን መሳቂያ አልሆነም። እስከዚያ ድረስ በሮኪ ስንስቅ ቆይተናል፤ ከዚያ በኋላ ከሮኪ ጋር ነው የሳቅነው። እሱም በአንድ ቦታ ላይ፣ ያላስተማሩኝን ከየት አውቃለሁ፣ ልማር ፍቀዱልኝ ብሎ ሲለምን እማዬ ራሷን እየነቀነቀች «እውነቱን ነው» አለች። አባባሏ የጎረቤት ልጅ አቤቱታ የሰማች ነበር የሚመስለው።

ሁሉም ነገር ሰምሯል አልልም። ፊልሙ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይፈጃል፤ ወደ ማለቂያው ራኒ ንግግር ታበዛለች፤ ተመልካች የገባውን ደግማ ታስረዳለች። እማዬ እዚያ ላይ ተነስታ ሻይ ጣደች። ተመልሳ ስትመጣ ያመለጣት ነገር አልነበረም።

የሮኪን ሴት አያት የምትጫወተው የጃያ ባቻን ነገር ግን ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። በዚሁ ዳይሬክተር የ2001 ፊልም «ካቢ ኩሺ ካቢ ጋም» ላይ፣ ባሏ ልጃቸውን ከቤት ሲያባርር ዝም ብላ የምታለቅሰው እናት እሷ ነበረች። እዚያ ቤት የአባት ቃል ሕግ ነው። በ«ሮኪና ራኒ» ደግሞ ሕጉን የያዘችው ራሷ ናት፤ ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ ሁሉ ፊቷን እያየ የሚተነፍስ ኮስታራ አያት። ጆሃር በ22 ዓመት ውስጥ ያንኑ ቤት ገልብጦ አሳየን፤ ትውፊትን የምታስጠብቀውም ሴት ልትሆን እንደምትችል፣ ዝም ያለችው ምራት ግን ድምፅ እንዳላት ጭምር። ምራቲቱ እንድትዘፍን ስትደፋፈር እማዬ «ተይኝ፣ አታናግሪኝ» ብላ ዝም አሰኘችኝ።

ጃያን ስላወቀቻት ሌላም ነገር ነገርኳት። በ1971 «ጉዲ» በሚባለው ፊልም ጃያ የተማሪ ቤት ልጅ ሆና ነበር የተጫወተችው፤ የምታፈቅረውም የፊልም ተዋናይ ነው፣ እሱም ራሱን ሆኖ የሚጫወተው ዳርሜንድራ። ያቺ ልጅ ከ52 ዓመት በኋላ ሚስቱ ሆና ስትመጣ እሱ የሚጠራው የሌላ ሴት ስም ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ለዚያች ኮስታራ አያት አዘነችላት፤ ሲመሽ ስትረግማት አምሽታ። «እሷም ቢሆን እኮ ያፈቀራት ሰው የለም» አለች። እኔም ፊልሙ ለዚህች ሴት ከሰጣት የበለጠ ርኅራኄ ይገባት ነበር እላለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አብራን እንድትስቅ ቢፈቅድላት ደስ ይለኝ ነበር።

ለመጪው ቅዳሜ «ጉዲ»ን እየፈለግኩ ነው።