ለጫካ ወይስ ለግድግዳ?

የእህቴ ልጅ አደን ከጀመረ ወዲህ የሚደውልልኝ የጠመንጃ ዋጋ ሊያስገምተኝ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ ይልክና «ጋሼ፣ ይህ ስንት ያወጣል?» ይላል። እኔ ደግሞ መልሼ ስለምጠይቀው ይናደዳል፦ የምትገዛው ለጫካ ነው ወይስ ለግድግዳ?

ያው አንድ ጠመንጃ ሁለት ዋጋ አለው። ሰብሳቢ ገንዘቡን የሚያወጣው ጠመንጃው ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ማንም እጁን ስላላስገባበት ነው። አዳኝ የሚከፍለው ጥይቱ ካነጣጠረበት እንዲያርፍለት ነው። ይህን ሳይለዩ ገበያ የሚወጡ ሰዎች ናቸው ሰደፉ የተቆረጠ ጠመንጃ በሙሉ ዋጋ ተሸክመው የሚመለሱት።

ነሐሴ ውስጥ ይኸው ልጅ በሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ቨርጂኒያ፣ ዊንቸስተር ሞዴል 70 የሚባል አንድ የአደን ጠመንጃ አግኝቶ ይዞኝ ሄደ። ሻጯ ባለቤታቸው ያረፉባቸው አሮጊት ናቸው። ወንድ ልጃቸው ኢንተርኔት ላይ አይቶ «2,200 ዶላር በያቸው» ብሏቸዋል። የዚህ ገበያ ትልቁ በሽታ ይህ ነው። ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈው ሻጩ የተመኘው ዋጋ ነው፤ ወር ሙሉ ያልተሸጠ ጠመንጃ ዋጋው ይህ እንዳልሆነ ራሱ እየመሰከረ ነው። መታየት ያለበት ጨረታው ካበቃ በኋላ የተዘጋበት ቁጥር ነው፤ እሱንም ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ካለ ጠመንጃ ጋር አስተያይቶ።

ሞዴል 70 በፈረንጆቹ 1936 ለገበያ የወጣ ነው። ፋብሪካው በ1964 ወጪ ለመቀነስ ብሎ አሠራሩን ለወጠው። ቀለሁን ጨብጦ የሚያወጣው ረጅሙ ጥፍር ቀረ፤ እጅ እንዳያዳልጥ እንጨቱ ላይ በእጅ ይቀረጽ የነበረው መረብ በማተሚያ ተጭኖ የሚወጣ ሆነ። ገዢው አኮረፈ። ከዚያ ወዲህ «ከ64 በፊት» የተሠራው ተፈላጊ ሆኖ ቀረ። ለመለየት አያስቸግርም፤ አዲሱ አሠራር ተከታታይ ቁጥሩን ከ700,000 ነው የጀመረው። ሴትዮዋን አስፈቅጄ እንጨቱን ስፈታው በርሜሉ ሆድ ላይ 54 የሚል ማኅተም አገኘሁ፤ የበርሜሉ ዓመት ነው። መቀርቀሪያው ላይ በኤሌክትሪክ እርሳስ የተጻፈው ቁጥርም ከአካሉ፣ መቀርቀሪያው ከሚገባበት ዋናው ብረት፣ ቁጥር ጋር አንድ ነው። እስከዚህ ድረስ የልጃቸው 2,200 የሕልም እንጀራ አይመስልም ነበር።

ከዚያ ጣቴን እንጨቱና ብረቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ አስኬድኩ። ፋብሪካው ሲሠራው እንጨቱ ከብረቱ እኩል ነው፣ ወይም በጥቂቱ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ግን ጥፍሬ ከብረቱ ወደ እንጨቱ ሲወርድ ተሰማኝ። አንድ ሰው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ቀብቶታል። የመረቡ ሹል ጫፎችም ደንዝዘዋል። ሰደፉ ላይ የነበረው የብረት ሰሌዳ ተነሥቶ ቀይ ጎማ ተደርጎበታል፤ ጎማውን ለማስገባት እንጨቱ ተቆርጧል። በአካሉ ግራ ጎን ደግሞ ለቴሌስኮፕ ማሠሪያ የተበሱ፣ ኋላ በብሎን የተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉ። ፋብሪካው ራሱ የሚበሳቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ እነዚህ ግን ከእነሱ አይደሉም። እንጨት በእንጨት ይተካል። ብረት አንዴ ከተበሳ ግን ተበሳ ነው፤ ሰብሳቢ ይህንን አይቶ ፊቱን ያዞራል።

የብረቱ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ግን አልተነካም። ተፈግፍጎ እንደገና ቀለም ተነክሮ ቢሆን ኖሮ የፊደሎቹ ጠርዝ ለስልሶ፣ የብሎኖቹ አፍ እንደ ሰሃን ጎድጎድ ብሎ ይታይ ነበር። በርሜሉን ወደ መስኮት አዙሬ ውስጡን አየሁ፤ ጠመዝማዛው ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስል ነው፣ ያበራል። 30-06 የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ሲሆን ይህን ሳያዩ ገንዘብ መቁጠር ሞኝነት ነው። እስከ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኛው የወታደር ጥይት ሲተኮስ በርሜሉ ውስጥ እርጥበት የሚስብ ጨው ይተው ነበር፤ ርካሽ የወታደር ጥይት ተኩሶ ሳያጥብ ያስቀመጠ ሰው በርሜሉን አስበልቷል። አፈሙዙም ከመወልወያ ዘንግ ጭረት ነጻ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ። በዚያ ሰሞን ያንኑ ጥይት የሚጎርሱ፣ ያልተነኩ ጠመንጃዎች 1,500 አካባቢ ሲዘጉ አይቻለሁ፤ ሰደፋቸው የተቆረጠና የተበሱት ደግሞ ከ800 እስከ 900። ለሴትዮዋ እያንዳንዱን እያሳየሁ አስረዳኋቸው። የጎማውን ነገር ስነግራቸው ሳቁ፤ ባለቤታቸው ትከሻቸውን ሲያማቸው ራሳቸው ያስደረጉት ነው። በ900 ተስማማን። ለእህቴ ልጅ እንደውም ተመቸው፤ አጋዘን የሰደፍ ቫርኒሽ አይመረምርም።

እዚህ ላይ ለአገራችን ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አሜሪካ የገቡትን ምንሽርና ሞዘር በዚህ ሚዛን እንዳትመዝኗቸው። በሽቦ የታሠረ ሰደፍ፣ እንጨቱ ላይ በጩቤ የተቀረጸ መስቀል የጦር ጠመንጃ ታሪክ ተብሎ ይወደዳል። የአደን ጠመንጃ ላይ ግን ያው ጭረት ጉድለት ተብሎ ይቀነስበታል። እኔ ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም፤ ገበያው ግን አልጠየቀኝም።

ልንወጣ ስንል ሴትዮዋ ከቁም ሣጥን ጀርባ ሌላ ጠመንጃ አወጡ። «ይህች ትንሿ ናት፤ 150 ስጡኝና ውሰዷት» አሉ። ሳቬጅ 99 የምትባል የአደን ጠመንጃ ነበረች። ማንሻዋን ከፈትኩ፤ እየዞረ ጥይት የሚያቀርበው ካዝናዋ ሐር ነው። በግራ ጎኗ ባለችው ትንሽ መስኮት ስንት ጥይት እንደቀረ የሚነግረው ቁጥር ዜሮ ላይ ቆሟል። በርሜሉ ላይ 250-3000 ይላል። በ1915 የወጣ ጥይት ነው፤ 87 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝን አረር በሰከንድ 3,000 ጫማ ስለሚያስፈነጥር ነው ቁጥሩን የያዘው። እነዚህ ጠመንጃዎች ብዙ ጊዜ ከአካሉ ጭራ በስተኋላ እንጨታቸው ይሰነጠቃል። በመነጽር ፈለግሁ፤ ስንጥቅ የለም። ጎማ የለም፣ ቀዳዳ የለም። የእህቴ ልጅ እግሬን ረገጠኝ።

ከነጋዴ ጋር ብሆን ዝም እል ነበር። ነጋዴ የሚሸጠውን ማወቅ ሥራው ነው፤ ካላወቀ ይክፈል። ሴትዮዋ ግን አሁን በአንደኛው ጠመንጃ የተናገርኩትን አምነው 1,300 ዶላር ቀንሰውልኛል። በእጄ ያለውን እውቀት ሲቀንስልኝ አውጥቼ ሲጨምርባቸው ብደብቀው 900ውም ማጭበርበር ይሆናል። «እመቤቴ፣ ይህችን በዚህ ዋጋ ለማንም እንዳይሰጡ፤ ከትልቁ ልትበልጥ ትችላለች» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ለልጅ ልጄ ትሁን» ብለው ወደ ቦታዋ መለሷት።

በ2020 ሥራ ላይ የዋለው የቨርጂኒያ ሕግ ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥም የገዢው ማንነት ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል እንዲጣራ ያዝዝ ነበር። የእህቴ ልጅ በዲቪ የመጣ፣ ግሪን ካርድ ያለው ስለሆነ መግዛት ይችላል፤ ጊዜያዊ ቪዛ ላይ ያላችሁ ግን መጀመሪያ ሕጉን ጠይቁ። ሱቁ የጠየቀውን የማጣሪያ ክፍያ ሴትዮዋ ግማሹን ልክፈል አሉ። ልጁ አሁንም በሳቬጇ አኩርፎ ስለነበር እሺ ሊላቸው አፉን ሲከፍት ሙሉውን እኔ ከፈልኩና ደረሰኙን ኪሱ ከተትኩለት። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።